በአቋራጭ የሄደው ዘቢብ

ከመርሐቤቴ ቆላ እስከ ጓሳ አናት፣ ከግሼ እስከ ዘመሮ ድረስ፣ በዚያ ዘመን ስለ ምግብ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የነርስ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የትኛው ሕመምተኛ ምን በልቶ እንደሚያገግም፣ ምን በልቶ እንደሚብስበት የሚናገረውን ሰንጠረዥ እንደ ዳዊት በቃሌ እወጣው ነበር። ኩላሊቱ ለታመመ ጨው ይቀነስ፤ ጨጓራው ለቆሰለ ለስላሳ ይሁን፤ ሰውነቱ ላለቀ ወተትና እንቁላል በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው። ጓደኞቼ «ፕሮቲን» ብለው ይጠሩኝ ነበር። ስሙን የሰጡኝ ከእውቀቴ የተነሳ ነው እላለሁ እኔ፤ እነሱ ግን ከካፌው ከማነሣው ሥጋ ብዛት ነው ይላሉ።

እንግዲህ ያ ሁሉ እውቀት አንድን ቄስ ሊገድል ምን ያህል እንደቀረበ ላጫውታችሁ።

ለመስክ ልምምድ የተላክሁት ከቀየት ወጣ ብላ ጓሳ ሥር ወዳለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበር። በጤና ጣቢያው ያሉት ሠራተኛ ጋሽ ተሾመ የሚባሉ አንድ አንጋፋ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ብቻ ናቸው። ጋሽ ተሾመ መልካም ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው ግን ዳገት አይወድም። ስለዚህ ዳገት ላይ ያለ ሕመምተኛ ሁሉ የእኔ ሆነ። መንዝ ውስጥ ደግሞ ዳገት ላይ ያልሆነ ሕመምተኛ ማግኘት ከባድ ነው።

ከሁሉም ከፍ ብለው የሚኖሩት መምሬ ወንድይራድ ነበሩ፤ በጓሳ አፋፍ ላይ ያለችው የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቄስ። ድምፃቸው ሲነሳ በግ ግጦሹን ትቶ ያዳምጣል ይባልላቸዋል፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት አንድ በግ ብቻ ነው፣ እሱም ደንቆሮ ይመስለኛል። እኚህ ሰው የስኳር በሽታ ይዟቸው፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተው፣ በየጠዋቱ ኢንሱሊን እንዲወጉ ታዝዘው ተመልሰዋል። መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው በኩል ይመጣል። መጽሐፉ ኢንሱሊን በፍሪጅ ይቀመጥ ይላል። እኛ ፍሪጅ አልነበረንም፤ ፍሪጅ ውስጥ የምንኖረው እኛ ነበርን። የምንፈራው መድኃኒቱ እንዳይሞቅ ሳይሆን በረዶ እንዳይሆን ስለነበር በገብስ ጭድ ጠቅልለን እናሳድረው ነበር።

መምሬ ከታመሙ ወዲህ ቅዳሴ አይገቡም። የንስሐ አባታቸው ሕመማቸውን አይተው ከጾም ፈትተዋቸዋል፤ በዐቢይ ጾም እንኳ ከመርፌው በኋላ ጠዋት በሶ እንዲቀምሱ ተፈቅዶላቸዋል። የሚያሳዝናቸው መርፌው አልነበረም። ሰው ሁሉ ጾሞ እሳቸው መብላታቸው ነበር። በሶዋን ሲጠጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር፤ ግድግዳውን እንዳላስቀይመው ብዬ እኔም ወደ ውጭ እወጣ ነበር።

እኔ ቤታቸው እንደገባሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ዘመቻ ማወጅ ሆነ። ዘመኑ የዘመቻ ዘመን ነው፤ መሬት በዘመቻ፣ ፊደል በዘመቻ፣ ጦርነት በዘመቻ። እኔም በስኳር ላይ ዘመትሁ። ባለቤታቸውን እትዬ አፀደን ፊት ለፊት አስቀምጬ «ማርና ስኳር የዚህ ቤት ጠላቶች ናቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ ተጠራርገው ይውጡ» አልኩ። ከመርሐቤቴ ዘመድ የላከላቸው የማር እንስራ ቁልቁል ለሌላ ዘመድ ተላከ። ጎረቤት በቅል ብርዝ ይዛ ብትመጣ ከደጅ መለስኳት። መንደሩን አጸዳሁት ማለት ይቻላል፤ ከእኔ ወዲያ በዚያ አፋፍ ላይ ንብ እንኳ በነፃነት አልበረረችም።

በነርስ ትምህርት ቤት ያስተማረችን የሲስተራችን ትምህርት ግን ሁለት ክፍል ነበረው። የስኳር ሕመምተኛ ጣፋጭ አያብዛ፤ ይህ አንዱ ነው፤ ጽፌዋለሁ፣ አስምሬበታለሁ። ሁለተኛው እንዲህ ነበር፦ «መርፌው ስኳሩን ያወርዳል። ምግብ ካልተከተለው ደግሞ ማውረዱን አያቆምም። እንዲህ ያለ ሰው ኪሱ ውስጥ ጣፋጭ ነገር ሳይዝ ከቤቱ አይውጣ።» ይህን ስትል ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ መስኮት አጠገብ ነበርኩ፤ ፀሐይ ነበረች። ግማሹን ሰምቼ ግማሹን አልሜዋለሁ።

ያ ቀን የመጋቢት መድኃኔዓለም ነበር። ጠዋት ደርሼ፣ እትዬ አፀደ በሶውን ሲበጠብጡ በዓይኔ አይቼ፣ መምሬን ወጋኋቸው።

«ወዲያው ይጠጡ እንግዲህ» አልኳቸው።

«ጠጣሁ በለው» አሉኝ እየሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ሆድ ስለ ሰጠህ አምላክ ሌላውን ሁሉ ሆድ ብቻ አድርጎ የፈጠረው ይመስልሃል።»

ስቄ ወጣሁ። በሶው ገና በእትዬ አፀደ እጅ ነበር።

ወደ ጤና ጣቢያው አልተመለስሁም። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም የሚቀርብ ጠበል ጻዲቅ አለ፤ ለቅዳሴው ነው የቀረሁት ብል መድኃኔዓለም ራሱ ይታዘበኛል። በዐቢይ ጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ልንሸራሸር ብዬ ወደ ጓሳ ወጣሁ።

ጓሳን በጉም ያላየ ሰው ይህን ክፍል ያምነኛል ብዬ አልጠብቅም። ጉሙ ከገደሉ ሥር ቀስ ብሎ ይወጣል፤ እንደ መንጋ፣ እረኛ እንደሌለው መንጋ። መጀመሪያ እግራችሁን ይወስዳል፤ ከዚያ ጉልበታችሁን። ሣሩ እስከ ጭን ይደርሳል፣ በጤዛ የተሞላ ነው፤ ሲነካችሁ ድምፅ አያሰማም። ጅባራዎቹ ቀጥ ብለው ቆመው ሰው ይመስላሉ፤ ቀርባችሁ «ደህና ዋሉ» ካላችኋቸው በኋላ ነው ዛፍነታቸው የሚታወቀው። እኔ ሁለቱን ሰላም ብያቸዋለሁ። ከገደሉ ጫፍ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እርስ በርስ የሚያወሩት ይሰማል፤ በሩቁ ማኅሌት የቆሙ ደብተራዎች ይመስላሉ፣ አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል። ሰዓቱ የት እንደሄደ አላውቅም። ስመለስ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቻ ነበር የሚታየው፤ ታችኛው ክፍል በሙሉ ጉም ውስጥ ነው፤ ቤቱ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው።

ደጀ ሰላም ስደርስ ሕዝቡ ተሰብስቧል። በመካከል መምሬ ወንድይራድ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ታቅፈው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የደብሩ አስተዳዳሪ መሪጌታ ጥበቡ፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ቆመዋል።

«ምን ተፈጠረ መሪጌታ?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ሌላውን ቄሳችንን የገበሬ ማኅበሩ ለስብሰባ ጠራብን። ያለ ሁለት ቄስ ደግሞ ቅዳሴ አይገባም። በመድኃኔዓለም ቀን ቤቱ ተዘግቶ ይዋል? ወደ መምሬ ላክሁ። እግዜር ይስጣቸው፣ ወዲያው ነው ተነስተው የመጡት።» ከዚያ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አድርገው «ዝም ብለህ ስማ። ተመስጠዋል» አሉኝ።

ሰማሁ። መምሬ ይናገራሉ፤ በዚያ በጉ በሚያዳምጠው ድምፅ ሳይሆን በቀጭን፣ ከሩቅ በሚመጣ ድምፅ።

«ገብሱ ደርሷል» አሉ። «ነጭ ነው። አገዳ የለውም። ፍሬው በአየር ላይ ቆሟል። የሚያጭድ የለም፤ ገበሬው ይቀመጣል፣ ገብሱ ወደ እሱ ይመጣል።» ፈገግ አሉ። «እናቴ ደጃፍ ላይ ናት። በር የለም፤ ደጃፍ ብቻ ነው ያለው። ግባ ትለኛለች። የሚገባበት ግን ሁሉም ውስጥ ነው።»

አንድ ሽማግሌ አለቀሱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እኔስ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጭድ ውስጥ ኢንሱሊን የማሳድረው፣ ሰንጠረዥ በቃሌ የማውቀው እኔ፣ ከሁሉም ፈዝዤ ተቀመጥሁ። ጉሙ በደጀ ሰላሙ በኩል እየገባ በመካከላችን ያልፋል። ያ ነጭ ገብስ ወለል ብሎ ታየኝ። እንዲያቆሙ አልፈለግሁም። እስከ ዛሬ ድረስ የዚያን ቀን ያህል ያማረ ነገር የሰማሁ አይመስለኝም።

ከፊት እማማ የሺ ተንበርክከዋል። እማማ የሺ ዘመሮ መንገድ ላይ የሚኖሩ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ተስፋዬ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ትከሻቸው ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራ ጥቁር የመንዝ ባና ጣል አድርገዋል። በነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ነገር በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«አባቴ» አሉ፤ «ልጄንስ? የእኔን ተስፋዬን አዩት ይሆን?»

መምሬ ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው አዞሩ። ዓይናቸው እማማ የሺ ላይ አልነበረም፤ ከኋላቸው ካለው ጉም ላይ ነበር። «ተስፋዬ» አሉ። «በበጎቹ መካከል ይሄዳል… ጀርባውን ነው የማየው…»

«ይዞራል?» አሉ እማማ የሺ። «ይዞራል አባቴ? ፊቱን ያሳዩኝ።»

መምሬ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ። በዚያን ጊዜ ነው ከግንባራቸው አንድ ጠብታ ወርዶ እጅጌያቸው ላይ ያረፈው። ከዚያ ሌላ። ነጩ ልብስ ከአንገቱ በታች ጠቁሯል፤ ርሷል።

በመንዝ ብርድ፣ በጓሳ ጉም ውስጥ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው እያላበው ነው።

ከዚያ የመስኮቱ ፀሐይ፣ የሲስተራችን ድምፅ፣ ያለምሁት ግማሽ ትምህርት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመልሶ መጣ። ላብ። መንቀጥቀጥ። እንደ ሰካራም ወይም እንደ ሕልመኛ መናገር።

ተነሳሁ። «መሪጌታ፣ መምሬ ጠዋት በሶ ጠጥተው ነው የመጡት?»

«ምን ማለትህ ነው? ሊቀድስ የተጠራ ሰው አፉን ያረክሳል? መልእክቴ ሲደርሳቸው በሶው ከነቅሉ ተቀመጠ።»

«ተወግተው ነበር እኮ።»

«እና?»

«እና ይሞታሉ።»

ይህን ቃል በደጀ ሰላም ጮክ ብዬ የተናገርሁ ይመስለኛል፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ። «ተመስጦ አይደለም። ደማቸው ውስጥ ስኳር አልቆ ነው። ስኳር አምጡልኝ። ማር አምጡልኝ። ማንኛውም ጣፋጭ ነገር።»

ከኋላ አንድ ሰው «ስኳር ነው ጠላታቸው ብለህ የለም ወይ?» አለ።

«ብያለሁ።»

«ማሩን ከመንደሩ ያስወጣኸው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ሕዝብ ሱቁ ስኳር ነበረው» አለ ሌላው፤ «ቁልፉ ግን ከሊቀመንበሩ ጋር ስብሰባ ላይ ነው ያለው።»

«የመምሬ ቤት በሶ አለ» አለች አንዲት ሴት። የመምሬ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሩቅ ነው፤ በሶ ደግሞ ወፍራም ነው፣ ምራቁን መዋጥ የተሳነው ሰው ሊታነቅበት ይችላል። አንድ ጎልማሳ ግን ተነስቶ ሮጠ።

ሌላ ሐሳብ ደግሞ መጣብኝ፤ ተሳስቼ ቢሆንስ? ስኳራቸው ዝቅ ብሎ ሳይሆን ከፍ ብሎ ቢሆንስ? ያኔ በእጅ የምትያዝ መለኪያ የለችም፤ ሽንት የሚፈተንበት መድኃኒት ጤና ጣቢያ ነው ያለው። ማሩን ከቤታቸው አስወጥቼ እዚሁ በገዛ እጄ ብመርዛቸውስ? ሲስተራችን ግን ይህንንም ተናግራ ነበር፤ ከሕልሜ ውስጥ ቃል በቃል ወጣ፦ «ካላወቅህ ጣፋጩን ስጥ። ከፍ ያለ ስኳር ሆስፒታል እስክትደርስ ይጠብቅሃል። ዝቅ ያለው አይጠብቅህም።»

መምሬ መናገራቸውን እየቀነሱ ሄዱ። ቃሎቹ ከመካከላቸው ጎደሉ። «ገብሱ… ገብሱ…» ብቻ ሆነ። መቋሚያው ከእጃቸው ሾልኮ ድንጋዩ ላይ ወደቀ።

ያን ጊዜ መሪጌታ ጥበቡ ወደ እማማ የሺ ዞሩ። «የሺ» አሉ ቀስ ብለው። «ያ የያዝሽው ዘቢብ ነው?»

እማማ የሺ ቋጠሮውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ያኔ ዘቢብ ብርቅ ነበር። ቅዳሴው የሚቀደስበት ወይን ደግሞ ከዘቢብ ነው የሚጠመቀው፤ የቅዳሴው መሥዋዕት በሚዘጋጅበት በቤተልሔም ዲያቆናቱ አርሰው፣ አሽተው፣ ጨምቀው ነው የሚያቀርቡት። የደብሩ ዘቢብ አልቆ ነበር። የዚያ ቀን ቅዳሴ የቆመው በእማማ የሺ ቋጠሮ ላይ ነው።

«ለተስፋዬ ነው» አሉ። «ለመድኃኔዓለም የተሳልኩት ነው። ከቀየት ገበያ፣ አንዱን ጠቦቴን ሰጥቼ ያመጣሁት። ልጄን እንዲጠብቅልኝ።»

እኔ ወደ ቋጠሮው እጄን ዘረጋሁ፤ እጄን ገፉት። «ቆይ» አሉኝ። «አንተ ቆይ። ከነቁ አያዩትም። ጀርባውን አይተዋል፤ አሁን ሊዞር ነበር። ትንሽ ብቻ ቆይ።»

«ሕልም ነው» ልላቸው ፈልጌ ነበር። አፌ ግን እንቢ አለ። እኔም ያንን ነጭ ገብስ አይቼው ነበር፤ የእኔ ገብስ ካልጠፋ የእሳቸውን ልጅ ማን ያጠፋል?

መሪጌታ ጎንበስ አሉ። የዕድሜያቸው ሰው እንዲያ ሲጎነበስ አይቼ አላውቅም። «የሺ፣ ይህ ዘቢብ የት ሊሄድ ነበር?»

«ለመድኃኔዓለም።»

«ከዚያስ?»

«ወይን ይሆናል።»

«ከዚያስ በማን እጅ ነበር ለሕዝቡ የሚደርሰው?»

እማማ የሺ መምሬን አዩ። «በእሳቸው እጅ።»

«እንግዲያው መንገዱ ያው ነው» አሉ መሪጌታ። «ዛሬ በአቋራጭ ይሂድ።»

«ቅዳሴውስ?»

«ቅዳሴው ይቅር። እኔ እጠየቅበታለሁ። መድኃኔዓለም ከዚህ ቦታ ወዴትም አይሄድም፤ እኛ ነን የምንሄደው።»

እማማ የሺ ወደ መምሬ ጆሮ ተጠጉ። የመጨረሻ ጥያቄያቸው ምን እንደሚሆን ሁላችንም ጠበቅን። በሕይወት አለ ወይ የሚሉ መስሎኝ ነበር። አላሉም።

«አባቴ፣ በርዶታል?»

የመምሬ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። «አይበርደውም» አሉ፤ ወይም ያሉ መሰለን።

እማማ የሺ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት።

መሪጌታ የጠበል ኩባያ አመጡ። ዘቢቡን ያሹት እማማ የሺ ነበሩ፤ በሁለት መዳፋቸው፣ ውሃው ቡናማ እስኪሆን። እኔ መምሬን በጎን አዙሬ ያዝኋቸው። እንዳይታነቁ በጉንጫቸው ውስጥ በጣቴ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አደረግሁላቸው፤ ድዳቸውን አሸሁላቸው። ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረም። መጠበቅ ብቻ።

ያ መጠበቅ ስንት ሰዓት ፈጀ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሦስት ዓመት እላችኋለሁ። ጭላዳዎቹ ዝም አሉ። ጉሙ ቆመ። የሰው ሁሉ ዓይን ጣቴ ላይ ነበር። ራሴን ከላይ የማየው መሰለኝ፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ቀጭን ልጅ አንድ ቄስ ታቅፎ፣ በዙሪያው ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ ከሁሉም በላይ ነጩ ጉም። ይህ ሰው በእጄ ከሞተ የማር እንስራውን ያስወጣሁት እኔ ነኝ፤ መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ፤ በሶውን አይቼ ሲጠጡ ሳላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። የማፈቅረው ሰንጠረዥ አንዲት መስመር እንኳ ልትመጣልኝ አልቻለችም።

ከዚያ መምሬ ከንፈራቸውን ላሱ።

ትንሽ ቆይተው ዋጡ። ከዚያ ዓይናቸው ከሩቅ ተመልሶ መጣ፤ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ፣ ከዚያ የመሪጌታ ጢም ላይ፣ በመጨረሻ እኔ ላይ አረፈ። ፊታቸው ተኮሳተረ።

«ማነው ገና ሳልቀድስ ዘቢብ ያጎረሰኝ?» አሉ።

ደጀ ሰላሙ በሳቅና በልቅሶ ተሞላ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ብቻ አልተነሳሁም፤ ተቀምጬ ቀረሁ። የቀረውን ውሃ በኩባያው ራሳቸው ጨለጡት፤ እያጉረመረሙ፣ «አሁን ይህ ምን ይባላል» እያሉ።

እማማ የሺ ጠብቀው ጠብቀው፣ ሁሉም ጸጥ ሲል ጠየቁ። «አባቴ፣ ተስፋዬን አይተውት ነበር።»

መምሬ ግራ ገባቸው። «ተስፋዬን? የት?»

«እዚያ።»

ሊዋሿቸው ይችሉ ነበር። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር፤ ተስፋዬን በሻምበል ማዕረግ አስጊጬ በፈረስ አመጣው ነበር። መምሬ ግን የእማማ የሺን እጅ ያዙ። «አላስታውስም የሺ» አሉ። «ምንም አላስታውስም። ሙቀት እንደነበረ ብቻ ነው። የበረደኝ ስመለስ ነው።»

እማማ የሺ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው አይበርደውም» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ ከላይ እስከ ታች። ያንን ጥቁር ባና ከትከሻቸው አውልቀው ወገቤ ላይ ጠመጠሙልኝና «ብርዱ መታህ ልጄ፤ ያ የጓሳ ጤዛ አይቻልም» አሉኝ።

እትዬ አፀደ በሶውን ይዘው እያለከለኩ ሲደርሱ ባላቸው ተቀምጠው ሲያወሩ አገኟቸው። የተደረገውን ሰምተው መምሬን በሶ እያጠጡ እኔን በጎን አዩኝ። «ማሩን ጠላት ነው ብለህ አስወጣኸብኝ» አሉ። «ዘቢቡ ነው እንግዲህ ዘመድ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መምሬ በቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ጥቂት ማር በትንሽ ቅል ይይዙ ነበር። ያንን የማር እንስራ ከቆላ ድረስ ተሸክሞ የመለሰው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ጀርባው ግን አሁንም ያመዋል።

እኔ እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ነርስነት ሠራሁ፣ ስንት ዓመት ለተማሪዎች የሥነ ምግብ ትምህርት አስተማርሁ። ሰንጠረዡን አሁንም አስተምራለሁ፤ ያለሱ አይሆንም። ነገር ግን ሰንጠረዡ ቀኑን አያውቅም። ዛሬ የመድኃኔዓለም ቀን መሆኑን፣ ሌላው ቄስ ስብሰባ መጠራቱን፣ ሰውየው ሰው ሁሉ ጾሞ እሱ በመብላቱ ማፈሩን አያውቅም። የሚበላው ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ እንደሚበላ ያልጠየቀ ሰው ስለ ምግብ ምንም አልጠየቀም። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ መርፌ የሚወጋ አባት ወይም እናት ካላችሁ፣ ጾም ሲገባ «ይጾማሉ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የንስሐ አባታቸውንም ሐኪሙንም አንድ ላይ አስቀምጡ። ከመርፌው በፊት ሳህኑን እዩ፤ ከመርፌው በኋላ ደግሞ ሲጎርሱ እዩ። በሶ በቅል ውስጥ ሆኖ ማንንም አላዳነም። ሰው በብርድ ሲያልበው ደግሞ ንግግሩ ምንም ያህል ቢያምር፣ እባካችሁ፣ አታዳምጡ።

ተስፋዬ ተመለሰ ወይ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሁሉም ይጠይቀኛል። ልምምዴ አልቆ ከመንዝ ስወጣ አልተመለሰም ነበር። ከዚያ በኋላ አላውቅም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወደ ቀየት የሄደ ሰው ባገኝ እጠይቃለሁ እያልሁ፣ የሄደ ሰው ሳገኝ ደግሞ ሌላ ወሬ እጀምራለሁ። ፊቱን ሳላየው እንዲሁ በጀርባው፣ በበጎቹ መካከል ሲሄድ ይሻለኛል።

የእማማ የሺን ባና ግን መልሼላቸዋለሁ፤ ወንዝ ወርጄ በሳሙና ደጋግሜ ካጠብሁት በኋላ። ያን ዕለት ሱሪዬ የራሰው በጓሳ ጤዛ ነው ብዬ ለጋሽ ተሾመ ነግሬያለሁ፤ በኋላም ለሚስቴ፣ ለልጆቼና ለተማሪዎቼ ሁሉ እንዲሁ ብያለሁ። ጤዛ አልነበረም። ያንን ቄስ ታቅፌ ስጠብቅ፣ በደጀ ሰላም፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ሱሪዬ ላይ ሸንቼ ነበር።